የስሜን ጥላና ሠዓሊው ዛንደር

ጥላ በአገራችን አነጋገር ትልቅ ቦታ አለው። ግርማ ያለውን ሰው ጥላው የከበደ እንለዋለን። ወገንና አለኝታ ያለው ሰው ጥላ ከለላ አለው ይባላል። ክፉውንም መንፈስ ጥላ ወጊ ብለን እንፈራዋለን። በእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ጥላ ማለት የብርሃን መታጣት ብቻ አይደለም፤ የሰውየው ክብደት፣ ሞገሱ፣ አንዳንዴም ሕይወቱ ራሱ ነው። ታዲያ ለጥላ ይህን ያህል ክብር የሚሰጥ ሕዝብ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሲሥል ጥላን ለምን ተወው? ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ከፈረሱ እግር ሥር ምድር ላይ መውደቅ የሚገባው ጥላ የት ሄደ? ይህን ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ከመመለስ ይልቅ፣ ጥላን መሣል ተምሮ ወደ ስሜን ተራሮች የመጣውን የአንድ ሰው ሕይወት በመተረክ ብንመረምረው የተሻለ መስሎ ታይቶናል።

ወደ ሰውየው ከመሄዳችን በፊት ግን አገሩን እናስቀድም። ባለፈው በጋ ከጎንደር ተነሥተን፣ ዳባትን አልፈን ደባርቅ ገብተን ነበር። በማግስቱ ደብተርና እርሳስ ይዘን ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ከገደሉ አፋፍ ደረስን። ጊዜው እኩለ ቀን ነበር። የስሜንን ገደል በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ገና ቁጭ ከማለታችን ያን ሁሉ ተራራ በአንድ ወረቀት ላይ ለማስፈር ተጣደፍን። የወጣልን ነገር ግን የመጋዝ ጥርስ ይመስል ነበር እንጂ ተራራ አይመስልም። ቅርቡም ሩቁም፣ ሸለቆውም ጉልላቱም በአንድ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ጥፋቱ የእጃችን ነው ብለን ደብተሩን ዘጋን።

ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ግን ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ነገሩ ተለወጠ። እያንዳንዱ ሸንተረር ጥላውን በጎረቤቱ ላይ ጣለ፤ አንድ መስሎ ይታየን የነበረው ግድግዳ ስድስትና ሰባት ሆኖ ተከፋፈለ፤ በመካከላቸውም ያለው ሸለቆ ጥልቀቱ ተገለጠ። ከአጠገባችን ያለው ቋጥኝ ጠቆረ፤ ከእርሱ ወዲያ ያለው ሰማያዊ ሆነ፤ በመጨረሻው ያለውም እንደ ጭስ ሳሳ። እንደገና ሞከርን። ያው ተራራ፣ ያው እርሳስ፣ ያው ደካማ እጅ ነው፤ ነገር ግን በዚህኛው ወረቀት ላይ ዐይን የሚገባበት ሥፍራ ተገኘ። ተራራውን ተራራ ያደረገው ጥላው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተረዳን። እንግዲህ ከእኛ ብዙ ዘመን አስቀድሞ በዚህ አገር እርሳስ ይዞ የተቀመጠ አንድ ጀርመናዊ እንደ ነበረ ትዝ ያለን በዚህ ጊዜ ነው።

ክርስቲያን ኤድዋርድ ዛንደር የተወለደው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1813 በጀርመን አገር፣ በአንሃልት ግዛት በምትገኘው ራደጋስት በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ያ ዓመት የጦርነት ዓመት ነበር። ናፖሌዎን ቦናፓርት ከዚያች ከተማ ብዙ በማይርቀው በላይፕሲግ ሜዳ ድል የተመታው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ነው። የተወለደው በጦርነት ዓመት እንደ ሆነ ሁሉ የሞተውም በጦርነት ዓመት መሆኑን ወደ ፊት እናያለን። የትውልድ አገሩ ሜዳማ ነው፤ ገደል አያውቅም። ልጁ አድጎ የሥዕልን ትምህርት በአገሩ ተማረ።

በዚያ ዘመን በአውሮጳ ሥዕል የሚማር ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ቀለም አልነበረም። ከጀሶ የተሠራ የሰው ራስ ፊቱ ያስቀምጡለታል፤ ብርሃን በአንድ በኩል ብቻ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ያስቀምጡታል፤ ከሰልና ወረቀት ይሰጡትና ሥራ ይሉታል። ጀሶው ነጭ ስለሆነ ቀለም የለውም፤ ተማሪው ሊያየው የሚችለው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ብርሃኑ በቀጥታ የሚያርፍበትን፣ ቀስ በቀስ የሚደክምበትን፣ ፈጽሞ የማይደርስበትን፣ ከጠረጴዛው ተንጸባርቆ ከበታች የሚመለስበትን፣ በመጨረሻም ራሱ በጠረጴዛው ላይ የሚጥለውን ጥላ እየለየ በጭረት ያሰፍራል። ጭረቱ ሲበዛ ይጨልማል፤ ሲሳሳ ይበራል። ይህን ሳያውቅ ወደ ሌላው ትምህርት አይሻገርም ነበር።

አንባቢያችን የዚህን ጥበብ ኀይል በራሱ ቤት ሊመረምር ይችላል። አንድ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ ያኑር፤ ሌላውን መብራት አጥፍቶ አንድ ሻማ በአጠገቡ ያብራ። የእንቁላሉን ዳር ዳሩን ብቻ ቢሥል በወረቀቱ ላይ የሚያገኘው ቀለበት ነው። ከሻማው በራቀው ጎን ያለውን ጥላ ቢጨምርበት ግን ቀለበቱ ሆድ ያወጣል፤ እንቁላል ይሆናል። በጠረጴዛው ላይ የወደቀውንም ጥላ ቢያክል እንቁላሉ ቦታ ያገኛል፤ በአየር ላይ መንሳፈፉ ቀርቶ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ሻማውን ከበታች ወይም ከኋላ ቢያደርገው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። እንቁላሉ ያው ሆኖ ሳለ ስሜቱ ይለወጣል፤ ከበታች የበራ ፊት ያስፈራል፤ ከጎን የበራ ፊት በሐሳብ የተዋጠ ይመስላል። ጣሊያናዊው ካራቫጆና የሆላንዱ ሬምብራንት በ17ኛው ምዕተ ዓመት ዓለምን ያስደነቁት በዚህ ነው። ከሸራው የሚበዛውን ክፍል ለጨለማ ሰጥተው፣ ጥቂቱን ብርሃን አንድ ግንባር ወይም አንድ እጅ ላይ አሳረፉት። ተመልካቹም ያልተሣለውን በልቡ እየሣለ እንዲቀመጥ አስገደዱት። ጣሊያኖች ብርሃንና ጥላን የሚያገናኘውን ይህን ሙያ ኪያሮስኩሮ ይሉታል፤ ትርጉሙም ብሩህና ጨለማ ማለት ነው።

ዛንደር ይህን ትምህርት ይዞ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1847 ነው። መንገዱን ያሳየው የአገሩ ሰው ቪልሄልም ሺምፐር ነበር። ሺምፐር የዕፀዋት ሊቅ ሲሆን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1837 መጥቶ የስሜንንና የትግራይን ዕፀዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮጳ ይልክ ነበር። እያደርም አገሩን አገሬ ብሎ፣ በእንጢጮ ግዛት ተሰጥቶት፣ ተጋብቶና ተዋልዶ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ ኖሯል። የሁለቱም ጀርመኖች ጌታ የስሜንና የትግራይ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ።

ስለ ደጃዝማች ውቤ ጥቂት ማለት ይገባናል፤ ምክንያቱም የሠዓሊው ዕድል ከእርሳቸው ዕድል ጋር የተቆራኘ ነው። ውቤ የስሜኑ ገዢ የራስ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። በ1823 ዓ. ም. ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ጦርነት ከወደቁ በኋላ ትግራይን ጨምረው ያዙ። በ1834 ዓ. ም. ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ከግብፅ የመጡት በእርሳቸው ጥረት ነው። በዚያው ዓመት ደብረ ታቦር ላይ ከራስ ዐሊ ጋር ተዋግተው ድል ካደረጉ በኋላ፣ የድሉን ደስታ ሲያከብሩ ሳያስቡት ተማረኩ፤ ኋላም ተፈትተው ግዛታቸውን መልሰው ያዙ። ያን ጊዜ በጎንደር የነበሩት ነገሥታት የስም ብቻ ስለ ነበሩ፣ ዘውዱ ለበረታው እጅ ክፍት ነበር። ውቤም ይህን ዐውቀው፣ በስሜን ደጋ በደረስጌ ለእመቤታችን የሚሆን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ለመጫን አስበው ነበር። በሕንፃው ሥራ የሺምፐርና የዛንደር እጅ እንዳለበት የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል።

ወደ ደረስጌ የሚሄድ ሰው ዛሬ ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ሳንቃ በርንና ጭነቅን አልፎ፣ የቧሂትን አንገት ተሻግሮ ወደ መካነ ብርሃን አቅጣጫ ይወርዳል። በዚያ ዘመን ከትግራይ የሚመጣው መንገደኛ ግን ተከዜን ተሻግሮ፣ ከቆላው ወደ ላይ እያየ ነበር ስሜንን የሚወጣው። እዚህ ላይ አንድ የተፈጥሮ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የስሜን ታላቁ ገደል ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ነው። በበጋው ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ገደሉ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት በራሱ ጥላ ውስጥ ተሸፍኖ ይውላል። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ፣ ደመናው በፈቀደ ጊዜ የገደሉ ፊት ይበራል። ስለዚህ በበጋ ከቆላው ወደ ላይ የሚመለከት ሰው የሚያየው ቋጥኝ ሳይሆን አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጨለማ ነው፤ ከላዩ ጫፍ ጫፉ ብቻ በፀሐይ ይነድዳል። በሜዳ አገር ተወልዶ፣ በአንድ መስኮት ብርሃን የጀሶ ራስ ሲሥል ላደገ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ የትምህርት ቤት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ዛንደር በኢትዮጵያ ሲኖር የአገሩን መልክዓ ምድር፣ ሰዎችና ቤቶችን በእርሳስና በቀለም ሥሏል፤ ሥዕሎቹም ዛሬ ያንን ዘመን ለሚያጠኑ ሰዎች ምስክር ሆነው ያገለግላሉ።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ዛንደር በስሜንና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ገብቶ ቀና ሲል ያየው ሥዕል ከተማረው ሁሉ ተቃራኒ ነበር። በዚያ ሥዕል ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። መስኮት የለውም፤ ጠዋትም ማታም የለውም። ጻድቃን በሁለት ዐይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል፤ ክፉዎች ግን በጎናቸው ዞረው አንድ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። ዳር ዳሩ በጥቁር መስመር የተከበበ፣ ቀለሙ የደመቀ፣ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ የሌለው ሥዕል ነው።

ከእኛ ከዘመናዊ ተማሪዎች መካከል ይህን አይቶ አባቶቻችን አልቻሉበትም ነበር ብሎ የሚፈርድ አይጠፋም። እኛም ራሳችን በዩኒቨርሲቲ በነበርንበት ጊዜ እንዲህ ስንል ነበር። ነገር ግን ታሪኩ ይህን ፍርድ አይደግፍም። በሮማ ከተማ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1591 የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቴምፔስታ ባወጣቸው ሥዕሎች የተሸለመ ነው። ይህ መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የጎንደር ሠዓሊዎች ከርሱ እየተመለከቱ ሥለዋል። በቴምፔስታ ሥዕል ላይ ጥላው በጭረት ተሞልቶ በግልጽ ይታያል። የጎንደር ሠዓሊ የሰዎቹን አቋም ወሰደ፤ የእጃቸውን አመለካከት ወሰደ፤ የታሪኩን አሰላለፍ ወሰደ፤ ጥላውን ግን ተወው። ያየውን ነገር ሁሉ ለመገልበጥ የበቃ እጅ ጥላውን ብቻ መገልበጥ አቃተው ማለት አይቻልም። መርጦ ነው የተወው።

ለምን ተወው ብንል፣ መልሱ በሥዕሉ ዓላማ ላይ ይገኛል ብለን እናምናለን። የወደቀ ጥላ ሰዓትን ይናገራል፤ ፀሐይ እዚህ ቦታ ናት፣ ጊዜውም ይህን ያህል ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን የምታሥለው ቅዱስ ግን በሰዓት ውስጥ ያለ ሰው አይደለም። ለዛሬውም ለነገውም ጸሎተኛ እኩል ሊያበራ ይገባዋል። በዚህ ላይ ደግሞ የክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራሱ ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሮቹና በጥቂት መስኮቶች ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ከጨለማው ውስጥ ብቅ ይላሉ። ሬምብራንት በሸራው ላይ የሠራውን ጨለማ የእኛ ሠዓሊ ለሕንፃው ትቶለታል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ሆኖም የአገራችን ሠዓሊ በአንድ ቦታ ቆሞ አልቀረም። በዳግማዊ ኢያሱና በእናታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት፣ በጎንደር አዲስ አሣሣል ተነሣ። የቅዱሳኑ ጉንጭና አንገት ለስለስ ባለ ጥላ መክበብ ጀመረ፤ የልብሳቸውም እጥፋት በደማቅና በደብዛዛ ቀለም ተለየ፤ ጀርባውም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ የሚሸጋገር ሆነ። በጣና ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጥላ እንዳለ ልብ እንበል፤ አንደኛው አካልን የሚያከብበው ጥላ ነው፤ ሁለተኛው ከአካል ወጥቶ መሬት ላይ የሚወድቀው ነው። ጎንደር የመጀመሪያውን ተቀበለች፤ ሁለተኛውን ግን ከደጅ አስቀረችው። ለቅዱሱ ሥጋ ሰጠችው፤ ሰዓት ግን አልሰጠችውም። የደረስጌ ማርያም መቅደስም በአገሩ ልማድ በሥዕል የተሸለመው ይህ አሣሣል ከሰፈነ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደጃዝማች ውቤ ዘውዱን ይጠብቁ ነበር። ዘውዱ ግን ወደ ሌላ ሰው እየሄደ ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ በሰኔ 1845 ዓ. ም. ራስ ዐሊን አይሻል ላይ ድል ካደረገ በኋላ ከፊቱ የቀረው ትልቅ ባላጋራ የስሜኑ ጌታ ብቻ ነበር። በ1847 ዓ. ም. በበጋው ካሣ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ስሜን ወጣ። አንባቢያችን ዛንደር ከመጣበት ከአውሮጳው 1847 ጋር እንዳያደባልቅ እናሳስባለን፤ በመካከሉ የ8 ዓመት ያህል ልዩነት አለ። የካቲት 3 ቀን ደረስጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ውቤ ድል ሆነው ተማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ የካቲት 5 ቀን፣ ውቤ ለራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ራሳቸው ባስመጧቸው ጳጳስ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ካሣ ዘውድ ጭነው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ለአንዱ የተሰናዳ ግብዣ በሌላው ተበላ። በዚያን ዕለት የሕንፃው ባለቤት በምርኮ ላይ ነበሩ፤ ለሥራው የደከመው ሠዓሊም ጌታ አልባ ሆኖ ነበር።

ዛንደር አገሩ ሊመለስ ይችል ነበር፤ አልተመለሰም። ከአገራችን ሴት ጋር ትዳር መሥርቶ ወለተ ኢየሱስ የተባለች ልጅ ወልዷል። ስለዚህ በአዲሱ ንጉሠ ነገሥት አገልግሎት ገባ። እዚህ ላይ የሕይወቱ መራራ ክፍል ይጀምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮጳ ሰው የሚፈልጉት ሥዕል አልነበረም። አገሩን አንድ ለማድረግ የተነሡ ንጉሥ ነበሩና መንገድ የሚሠራ፣ ጠመንጃ የሚያድስ፣ መድፍ የሚያፈስስ ሰው ይፈልጉ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የነበሩት የእጅ ጥበብ ሰዎችም ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ ሠሪዎች ሆነው ቀርተዋል። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ የተፈሰሰው በእነርሱ እጅ ነው። ዛንደርም በዚሁ ክበብ ውስጥ ሆኖ ኖረ። ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ፣ በፖላንድ በክራካው ከተማ የተወለደው ሞሪትስ ሆል፣ ወለተ ኢየሱስን አገባ። የሠዓሊ ልጅ የመድፍ ሠሪ ሚስት ሆነች፤ ዘመኑ ወደ የት እንደ ዞረ ይህ ጋብቻ ብቻውን ይናገራል።

እኛ ወጣት ሠራተኞች ይህን የሕይወቱን ክፍል ስናነብ ዝም ብለን ማለፍ አይቻለንም። ሰው አንድ ሙያ ተምሮ ይወጣል፤ የተቀጠረበት ቤት ግን ሌላ ሙያ ይፈልግበታል። ቀኑ በሌላው ሥራ ያልቃል፤ የተማረው ከዕለት ዕለት ወደ ትርፍ ሰዓት ይገፋል። ንጉሡ ሥዕልን ስለ ጠሉ አልነበረም፤ ጊዜው ስላልፈቀደ ነው። ዛንደርንም ሰነፍ የሚለው የለም፤ የተጠየቀውን ሠርቷል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ስንት ጠዋትና ስንት ማታ የስሜን ጥላ ሳይሣል እንዳለፈ ስናስብ እናዝናለን።

ፍጻሜው ይታወቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጣልተው አውሮጳውያኑን ያዙ፤ ጄኔራል ናፒየርም ሠራዊት ይዞ መጣ። በ1860 ዓ. ም. በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ በፋሲካ ሰሞን አውሮጳውያኑ ተለቀው ከመቅደላ ወረዱ፤ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከአምባው ከወረዱት ሰዎች መካከል ሁለቱ ሽማግሌ ጀርመኖች ዛንደርና ሺምፐር ነበሩ። ሺምፐር ወደ ዐድዋ ተመልሶ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1878 በዚያው ዐረፈ። ዛንደር ግን ከሠራዊቱ ጋር ወደ ባሕር ወረደና በዚያው ዓመት በምጽዋ አካባቢ ሞተ። ዕድሜው 55 ዓመት ያህል ነበር። 20 ዓመት የኖረበትን ደጋ ትቶ፣ የሄደበት አገርም ሳይደርስ፣ በሁለቱ መካከል ባለው ወደብ ቀረ።

ታሪኩ ግን በምጽዋ አላበቃም። ሞሪትስ ሆልና ወለተ ኢየሱስ ከኢትዮጵያ ወጥተው በኢየሩሳሌም አገር በያፋ ከተማ ተቀመጡ። በዚያው በ1860 የተወለደችው ልጃቸው በመቅደላ ምክንያት ማግዳሌና ተባለች። ማግዳሌና ሩሲያዊውን መኰንን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖፍን አገባች። የልጃቸው ልጅ ፒተር ኡስቲኖፍ በእንግሊዝ አገር ተወልዶ፣ በዓለም የታወቀ የፊልም ተዋናይና ደራሲ ሆነ፤ ሁለት ጊዜም የኦስካርን ሽልማት አገኘ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እስከ 2004 ኖሯል። የጥላ ሠዓሊ የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ፣ ከነጭ መጋረጃ ላይ በሚወድቅ ብርሃንና ጥላ ስሙን አስጠራ።

የደጃዝማች ውቤም ዘር ወደ እንግሊዝ ሄዷል፤ መንገዱ ግን እንዲህ ደስ የሚል አልነበረም። ልጃቸው ጥሩ ወርቅ ለዐፄ ቴዎድሮስ ተድረው ልዑል ዓለማየሁን ወልደው ነበር። ከመቅደላ በኋላ እቴጌይቱ በመንገድ ዐርፈው በጨለቆት ተቀበሩ፤ የ7 ዓመቱ ልጅ ባሕር ተሻገረ። በእንግሊዝ ሳለ፣ በዚያው በ1868 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ ሥዕሉን አነሣችው። ይህች ሴት ፎቶግራፍን እንደ ሬምብራንት ሸራ በጥላ መሙላት የምትወድ ነበረች። በዚያ ፎቶግራፍ የሚታየው የልጁ ፊት ነው፤ ዙሪያው ወደ ጨለማ ይወርዳል። ስለ ልጁ አንዲት ቃል የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ፎቶግራፍ አይቶ የአገሩን መራቅ ሳይጠረጥር አያልፍም። ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ። ጥላ በሥዕል ላይ ስሜትን ይፈጥራል ሲባል እንዲህ ያለውን ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ከዛንደር በኋላ ብርሃንና ጥላን በአውሮጳ ትምህርት ቤት ተምረው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ተነሥተዋል። ሠዓሊው አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ተምሮ፣ የአገሩን ሰው ፊት በዚያ ጥበብ ሥሏል። አለ ፈለገ ሰላም ከአሜሪካ ተመልሰው በ1950 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቁመዋል፤ ከዚያ ወዲህ የጀሶውን ራስና የመስኮቱን ብርሃን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ብዙ ሆኗል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አንዱን ስላወቅን ሌላውን እንደ ድንቁርና መቁጠር የለብንም። የአውሮጳው ሠዓሊ ጥላን ያመጣው ሰው በጊዜ ውስጥ እንዳለ ለማሳየት ነው፤ የእኛው ደግሞ የተወው ከጊዜ በላይ ያለውን ለማሳየት ነው። ሁለቱም የሚሠሩትን ያውቁ ነበር።

እኛ ከደባርቅ ስንመለስ በደብተራችን ሁለት ሥዕሎች ነበሩ፤ የቀትሩና የማታው። የቀትሩን ልንቀድደው አስበን ነበር፤ ኋላ ግን ተውነው። ስሜን የሚሄድ አንባቢ ቢኖር የምንመክረው ቀላል ነገር ነው፤ በቀትር ቤተ ክርስቲያን ግባና ጥላ የሌለበትን ሥዕል ተመልከት፤ በዐሥር ሰዓት ወደ አፋፉ ሂድና ገደሉን ተመልከት። በአንድ ቀን ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ጨርሰህ ትመለሳለህ። ዛንደር በሁለቱ መካከል 20 ዓመት ኖሯል፤ ጥላው እስከ ዛሬ በዚያ አገር ላይ ወድቆ ይታየናል።